ጉንዳን ያልቀመሰው የሎሚ ጭማቂ

ሃርላን ዴክስትራ የሞቱት በገዛ በረንዳቸው፣ ተወዛዋዥ ወንበራቸው ላይ ነው። ከጎናቸው ሦስት ባዶ የወረቀት ብርጭቆዎች ነበሩ። ከቀትር በፊት የጨለጧቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሸለብ ያደረጋቸው መስሎት ድምፁን ቀንሶ ሄደ። እኔም አንዱ ነኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

በእኛ ሰፈር ትምህርት ቤት በተዘጋ በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆች የሎሚ ጭማቂ ይሸጣሉ። የመሸጫው ጠረጴዛ ከቤት ወደ ቤት ሲወራረስ ስልሳ ዓመት ሆኖታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ብርጭቆዎች የሰፈሩ አንጋፋ ናቸው፤ እሱም ልጆቹ እያዩት እስከ ጠብታው መጨለጥ አለበት። ጎመዘዘኝ፣ ጣፈጠኝ ማለት ነውር ነው። የሰማንያ አንድ ዓመቱ ሃርላን ይህን ግዴታ ሲወጡ አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

ዘንድሮ ጠረጴዛው የደረሰው ለዘጠኝ ዓመቷ ዊኒ ነው። ሽማግሌው የስኳር በሽተኛ መሆናቸውን እሷም እናቷም የሰሙት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ያውም ከሴት ልጃቸው ከኮሪን አፍ። ኮሪን አስከሬኑ አጠገብ ቆማ የዊኒን እናት ማርላን «አባቴን በስኳር ገደላችሁት» ስትላት ልጅቷ እዚያው ነበረች። ከዚያ ወዲህ ዊኒ እህል የሚባል አልቀምስ አለች። እናቷ ሾርባ ይዛ ብትለማመጣት፣ ብትቆጣትም ወይ ፍንክች።

የወረዳው መርማሪ ሎርና ቬልድ ሰኞ ጠዋት መጣች። ወሬ የማታበዛ፣ ሰውን አስለፍልፋ እሷ ዙሪያዋን የምትቃኝ ሴት ናት። በቀጥታ ሄዳ ደረጃው ላይ ከዊኒ አጠገብ ተቀመጠች።

«እስር ቤት ሊወስዱኝ ነው?» አለቻት ልጅቷ።

«አይደለም። ጭማቂውን እንዴት እንደሠራሽው ልትነግሪኝ ነው።»

ዊኒ ነገረቻት። ሎሚውን አርብ ዕለት ከእናቷና ከኮሪን ጋር ማድቤት ውስጥ ጨመቁ። ቅዳሜ ጠዋት ከጣሳው ሁለት ኩባያ ስኳር ጨመረች። ስትቀዳ ጥቂት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰባት። ይህን ስትናገር አንገቷን ደፍታ ነበር።

ሎርና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ከቅዳሜ ጀምሮ የነካው የለም። ልጆቹ ያንጠባጠቡትን የብስኩት ፍርፋሪ ጉንዳን ወሮታል፤ ጭማቂው የደረቀበትን ግን ዞር ብሎ እንኳ ያየው የለም። በጣቷ ዳሰሰችው። አይጣበቅም። የስኳሩን ጣሳ እንዲያመጡላት ጠይቃ አሽጋ ወሰደችው።

ከዚያ ጎረቤቱን ሮስኮን አነጋገረች። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ በአጥር ምክንያት ከሃርላን ጋር ከተኳረፈ ስድስት ዓመቱ።

«አጥሬን አስከበርኩ እንጂ ሰው አልገደልኩም» አላት ገና ሳትጠይቀው።

«ቅዳሜ ምን አየህ?»

«በየዓመቱ የማየውን ነዋ። ልጆቹ ጭማቂውን ይዘውለት ከመምጣታቸው በፊት ሸሚዙን ገልቦ ሆዱን ይወጋል፤ ኢንሱሊን ነው፣ የደም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት። ለሦስቱ ብርጭቆ ብሎ ጨምሮ እንደሚወጋ ሳንኳረፍ በፊት ነግሮኛል፤ ዘንድሮም ተወግቷል። ልጆቹን ላለማሳቀቅ እንጂ ሞኝ አልነበረም።»

መርማሪዋ ከሟቹ የደረት ኪስ ያገኘችው የኢንሱሊን መውጊያውን ክዳን ብቻ ነበር። መውጊያው ራሱ የለም። ሃርላንን መጀመሪያ ያገኘቻቸው ኮሪን ናት፤ ስትጠየቅ ግን አላየሁም አለች። ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጦ ስለነበር ሰው ሁሉ አዘነላት፤ ማንም አልጠረጠራትም።

ረቡዕ ከሰዓት ሎርና ማርላን፣ ዊኒን፣ ኮሪንንና ሮስኮን በማርላ ማድቤት ሰበሰበች። ማርላ ልጇን ልታስወጣ ስትል መርማሪዋ አልፈቀደችም።

«ትስማ። ከሁላችሁም በላይ ጉዳዩ የሷ ነው» አለችና ጀመረች። «ሃርላንን ስኳር አልገደላቸውም። የገደላቸው የስኳር መታጣት ነው። ለሦስት ብርጭቆ ጣፋጭ የሚሆን መድኃኒት ተወግተው፣ ስኳር የሌለበት ጭማቂ ጠጡ። ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ወረደ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ራሳቸውን ሳቱ፤ ሰውም እንቅልፍ መሰለው። ጉንዳኑ ያልነካው፣ ጣቴ ላይም ያልተጣበቀው ለዚህ ነው። ጣሳውን አስመረመርኩት። ለስኳር ሕመምተኞች የሚሸጥ ማጣፈጫ ነው፤ ይጣፍጣል እንጂ ስኳር የለውም።»

«እኔ የገዛሁት ስኳር ነው» አለች ማርላ።

«አውቃለሁ። ታዲያ ማን ቀየረው? ሮስኮ እዚህ ማድቤት ገብቶ አያውቅም። አርብ የነበራችሁት ሁለት አዋቂዎች ናችሁ፤ አንቺ ደግሞ ሰውየው ስኳር እንዳለባቸው እስከ ቅዳሜ አልሰማሽም። ከስኳር ልታድናቸው የምትፈልግ፣ ለጭማቂው ብለው ጨምረው እንደሚወጉ ግን የማታውቅ አንድ ሰው ነበረች።»

ኮሪን ከቦርሳዋ መውጊያውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ደህና እንዲሆን ብዬ ነው» አለች። «ጠዋትና ማታ ብቻ የሚወጋ ይመስለኝ ነበር። ሳገኘው ይሄ ጭኑ ስር ተሸጉጦ ነበር።»

ሎርና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስኳሩን በመቀየርሽ አልፈርድብሽም። ስህተት ነው፣ ማንም ይሳሳታል። ይህን መውጊያ ግን የደበቅሽው፣ ማርላንም በስኳር ገደላችሁት ያልሻት በስህተት አይደለም።»

 ሮስኮ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬቱን ያያል። እውነቱን ለመናገር፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ለልጅ ትቶ በሰላም ሲተኛ ነበር የሰነበተው።

ኮሪን ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። «ዊኒ፣ አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ዊኒ ትክ ብላ አየቻት። ፊቷ በአራት ቀን ውስጥ ጠውልጓል።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ቅዳሜ፣ መውጊያውን እንዳየሁ።»

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አለች ዊኒ።