ጭስ የሌለበት ሰማይ

ሽማግሌው በገዛ ትራሳቸው ታፍነው ሞተዋል። በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ሳሎን ተንፈላሶ ተቀምጦ፣ ትናንት ማታ ያነሳቸውን የበዓሉን ርችት ፎቶዎች ለፖሊሶቹ እያገላበጠ ያሳያል። መርማሪዋ ይህን ገና ከበሩ አየችው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የገባችበትን ሳትወጋ አትወጣም።

ጥግ ላይ የልጅየው ሚስት በካቴና ታስራ ተቀምጣለች። ከሟቹ ጋር ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት ተብሎ ሊወስዷት ነው።

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችው መርፌ።

«ሰገነት ላይ። ጀማሪ ነኝ፤ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አስሬ ከመጀመሪያው ተኩስ እስከ መጨረሻው ሳነሳ ነበር። ይቺ የመጨረሻዋ ናት። አታምርም?»

«የካሜራው ሰዓት ለምን ተዛባ?»

«አዲስ ነው፣ አላስተካከልኩትም።»

መርፌ የሟቹን ክፍል አየች። ትራሱ ላይ ምራቅ ደርቋል። ጎረቤታቸው ርችቱ ሲጋመስ በመስኮት አናግረዋቸው ነበር፤ ሲያልቅ ምራታቸው ሾርባ ይዛ ስትገባ በድን ሆነው አገኘቻቸው። የሟቹ ሴት ልጅ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆማ በስልኳ ፎቶ ስታነሳ ነበር። መርፌ ስልኩን ተቀብላ በጥሞና አየችውና ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እኔም ጀማሪ ነኝ» አለች። «ባለፈው ዓመት ለርችቱ ዘግይቼ ደርሼ ጭስ ብቻ አንስቼ ተመለስኩ። ርችት በተተኮሰ ቁጥር ጭሱ ይጠራቀማል። የእህትህ ፎቶዎች ሲጀምሩ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ከመሃል በኋላ ሰማዩ አመድ ነው። ያንተ ግን ‹የመጨረሻዋም› ሳትቀር ኩልል ያለች ናት።»

«ነፋስ ወስዶት ይሆናላ!»

«ከአንድ ቤት፣ አንድ ሰማይ ነው ያነሳችሁት። ነፋሱ ላንተ ብቻ ነፈሰ? ጭሱ ሳይጠራቀም ካሜራህን ትተህ ወርደሃል። ጎረቤቱ ከመስኮቱ እስኪሄዱ ጠብቀህ ገባህ።»

ልጅየው ካሜራውን አጠፋው።

«አባባ ርችቱ ሲያልቅ የምነግርሽ አለኝ ብለውኝ ነበር» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

እህትየው አቀርቅራ፣ «ወንድሜ ከሌላ ሴት ልጅ ወልዷል። አባዬ ‹ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› ብሎት ነበር» አለች።

ሚስትየዋ ባሏን አየችው። «እኔን ሲወስዱኝ ዝም ብለህ ልታይ ነበር?»

«አንቺ እኮ ልጅ የለሽም» አላት። «እኔ የማሳድገው አለኝ።»

መርፌ ካቴናውን ከሴትየዋ እጅ ፈትታ ለእሱ አጠለቀችለት። እሱን የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ አልጸዳ ሲላት መታጠቢያ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀች።

«በዚህ በኩል» አለች ሚስትየዋ ብድግ ብላ። «እኔም ልታጠብ።»