አራት ጊዜ የሞተው ሰው

«አቁሚው፣ አቁሚው! ይኸው ደግሞ ሊሞት ነው!»

ዊንላም በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሱትዪ ፊልሙን አቆመችው። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ ቀጭን ሽፍታ ከቤተ መቅደስ ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆሟል። ይህ ሰው ፊልሙ ከተጀመረ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሞቷል። መጀመሪያ በጎራዴ ተወጋ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሪዝ ለጥፎ ተመለሰና ወንዝ ውስጥ ሰጠመ፤ ቀጥሎ ረጅም ጺም አውጥቶ በዱላ ተመታ። አሁን ደግሞ ይኸው።

«ሌላ ሰው አጡ እንዴ?» አለች ዊንላም ዓይኗን እየጠረገች። «ደሞ ጥግ ላይ ፍራሹን እይው! ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ባለ አበባ ፍራሽ! ከስህተቶቹ ሁሉ አንደኛ የምናደርገው እሱን ነው።»

ሱትዪም ለይምሰል ሳቀች። ሽፍታውን ሆነው የሚጫወቱት የእናቷ አባት ናቸው።

ሥራቸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ከደረሰ የኩንግ ፉ ፊልም ስህተት እየለቀሙ አጭር ቪዲዮ መሥራት ነበር። ስህተት ደግሞ ሞልቷል። ጀግናው የእጅ ሰዓት አስሯል። ከመነኩሴው ጀርባ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቆሟል። ክፉው ጌታ አፉን ከዘጋ በኋላ ንግግሩ ይቀጥላል፤ ሰው በተመታ ቁጥርም እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ እንደሚመታ ጧ ጧ ይላል። ነገ ዓርብ ከሰዓት ቪዲዮው ወላጆች ባሉበት በአዳራሹ ይታያል። ካሸነፈ ለከተማው ተማሪዎች ውድድር ያልፋል።

ፊልሙን ያመጣችው ሱትዪ ናት። «ከየት አገኘሽው?» ስትባል «ከአሮጌ ዕቃ ተራ» አለች። አፍራ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ እውነቱን ልትናገር አፏን ትከፍትና ዊንላም አዲስ ቀልድ ታመጣለች።

የሚያናድደው ዊንላም ፊልሙን መውደዷ ነው። ሙድ እየያዘችበት አሥራ አንድ ጊዜ አይታዋለች። መሰላል ላይ የሚደረገው ጠብ ሲመጣ ሁሌም ጸጥ ትላለች። «ሳይቆራረጥ እኮ ነው» ትላለች። «ሁለት ደቂቃ ሙሉ! ዛሬ ይሄን ማን ይሠራዋል? ኮምፒውተር ነው እንጂ።» ወዲያው ደግሞ ማይክሮፎኑን ትይዝና ሰውዬው ከጣሪያው ሲወድቅ እንዲህ ትላለች፦ «ይኸው ሰነፉ ሟቻችን! ሲወድቅ እንኳ አይጮህም። ፍራሽ ላይ ተኝቶ ማን ይጮሃል?»

*

ሱትዪ ቤት ስትገባ አያቷ አቶ ታም በካናቴራ ቆመው ፀጉራቸውን ጥቁር ቀለም እየቀቡ ነበር። ቀለሙ መታጠቢያውን፣ ፎጣውን፣ አንድ ጆሯቸውንም አዳርሷል።

«መጣሽ? ልብሱ አልተሰጣም።»

ሁሌም አልተሰጣም። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ውጪ በተዘረጋው ዘንግ ልብስ ማስጣት የእሷ ሥራ ነው። የአያቷ ግራ እጅ ከትከሻ በላይ አይወጣም። «ድሮ ተመትቼ ነው» ይላሉ። በ«ድሮ» የሚጀምር ወሬያቸው ከመብዛቱ የተነሳ ሱትዪ ማዳመጥ ትታለች፤ ድሮ መቼ፣ በምን ብላ ጠይቃም አታውቅ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው? ለጓደኛዬ ለቾይ ነግሬዋለሁ። ለዚያ ለወፍራሙ ጓደኛችንም ነግሬዋለሁ። ሦስታችንም ፊት ወንበር ላይ ነን።»

«አባባ፣ ለምን ለሰው ይናገራሉ?»

«ለምን አልናገር? ትምህርት ቤት ፊልሜን ሊያሳይ! ብቻ የኔን ቦታ እንዳትቆርጡ።»

የእሳቸው ቦታማ አልተቆረጠም። ሱትዪ ቅርጫቱን መሬት ላይ ወረወረችው።

«አይምጡ!»

«ምን?»

«ነገ አይምጡ! ሙድ ነው የያዝንብዎ! ይኸው፣ ይዩት!»

ላፕቶፑን ከፍታ አስቀመጠችላቸውና ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ማስጣት ጀመረች። የዊንላም ድምፅ ከኋላዋ ይሰማል። «የመጀመሪያ ሞት!» «ሁለተኛ ሞት!» አያቷ አይስቁም። አንድ ካልሲ ከእጇ አምልጦ ወደ ታች ሄደ። «ሰነፉ ሟቻችን» ሲባል ዓይኗን ጨፈነች።

ቪዲዮው አለቀ።

«ከመጀመሪያው አስጀምሪው» አሉ።

እንደገና አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺ ልጅ ቁጥር አታውቅም እንዴ?»

«እ?»

«አራት ትላለች! ሰባት ነው! ሰባት ጊዜ ነው የሞትኩት! ቀርከሃው ውስጥ ጭንብል ያጠለቀው ማን ሆነና? በሻይ ማንቆርቆሪያ ተመትታ የወደቀችው የባለ ሆቴሉ ሚስትስ?»

«እሷ... እርስዎ ነዎት?»

«ጉድጓድ ውስጥ የገባውስ? እግሬን አታውቂውም?»

ሱትዪ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣችበት ነገር እዚህ የቁጥር ክርክር ሆኖ አረፈው።

«ፍራሹስ?» አለች።

«የኛ ነው። የኔና የአያትሽ። ባለ ፊልሞቹ ፍራሽ ስላልነበራቸው ከቤት አምጣ አሉኝ።» በጠቆረ ጣታቸው ስክሪኑን ነኩ። «ደግሞ ደህና አድርገሽ እዪ እንጂ።»

ሱትዪ ቦታውን ቀስ አድርጋ አጫወተችው። ሰውዬው ከጣሪያው ለቀቀ። የፍራሹ አበባዎች ጥግ ላይ ይታያሉ። አካሉ ወረደ፣ ወረደ፣ አበባዎቹን በአንድ ክንድ ያህል ሳታቸውና በግራ ትከሻው ድንጋዩ ላይ አረፈ። ይህን ቦታ ሃምሳ ጊዜ አይታዋለች። ሃምሳውንም ጊዜ ያየችው ፍራሹን ነበር።

«አልጮሁም» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ድምፅ በኋላ ነው የሚገባው፤ ብጮህ ማንም አይሰማኝም። ግን ፊቴ ወደ ካሜራው ነበር። አፌ ከተከፈተ ሙት አይደለሁማ! የቀረችን የፊልም ጥቅል ደግሞ ያቺ ብቻ ነበረች፤ ብትበላሽ ሌላ የለም።» መነጽራቸውን በካናቴራቸው ጠረጉ፤ መነጽሩም ጠቆረ። «አራት ማለቷን ልተወው። ሰነፍ ግን... ሰነፍ ትለኛለች?»

ግራ ትከሻቸውን በቀኝ እጃቸው ያዙ።

ሱትዪ ስልኳን አነሳች።

«ዊንላም፣ ስህተት አለ።»

«ፊልሙ ሁሉ ስህተት አይደል እንዴ?»

«የኛ ስህተት ነው። አራት ሳይሆን ሰባት ጊዜ ነው የሞተው።»

«ማን አለ?»

ኢንተርኔት ላይ አየሁት ማለት ይቻል ነበር። ሱትዪ አያቷን አየቻቸው፤ ጥቁር ቀለም በአንገታቸው እየወረደ ነው።

«ራሳቸው። አያቴ ናቸው። ከአሮጌ ዕቃ ተራ አልገዛሁትም፤ ዋሽቼሻለሁ።»

ዊንላም ከስልኩ ውስጥ ጮኸች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሰድባቸው ዝም ብለሽ ታይኛለሽ? ምን ዓይነት ሰው ነሽ?» ተናዳለች፤ በጣም ተናዳለች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም። «መሰላሉ ላይ ያሉትስ... እሳቸው ናቸው?»

ሱትዪ ጠየቀቻቸው።

«ከታች መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ አያቷ። «አይታይም።»

«መጣሁ» አለች ዊንላም።

እስክትደርስ ሱትዪ ቪዲዮውን ከፈተች። ከውድቀቱ ላይ «ሰነፉ ሟቻችን» የሚለውን አጠፋችው፤ በምትኩ ምንም አልጨመረችም። ሰውዬው ያለ ምንም ድምፅ ወደቀ፤ ያለ ምንም ድምፅም ተኛ።

«ፍራሹን ግን እንዳትቆርጪው» አሉ አያቷ ከኋላዋ። «አያትሽ ናት የሰፋችው።»

«አልቆርጠውም፣ አባባ።»

ቅርጫቱ ውስጥ ለነገ ብለው ያጠቡት ነጭ ሸሚዝ ቀርቶ ነበር። ሳይጠይቋት አነሳችውና ዘንጉ ጫፍ ድረስ አሻግራ አሰጣችው።