የጋሽ ሜቶዲ ድምፅ ያለበት ዲስክ

«ቀስ በል! አባቴ እዚህ ውስጥ ነው!»

ካሊን ደረጃው ላይ ደርቆ ቀረ። ሊያግዛት ብሎ የተሸከመውን፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሣጥን ሊለቀው ምንም አልቀረውም።

«አ... አመዳቸው ነው?»

ሴትየዋ ሳቋ አመለጣት። «ኧረ አባቴ በሕይወት አለ! ላይ ቤት ቁጭ ብሎ ዜና እያየ ነው። የያዝከው ኮምፒውተር ነው። አባቴ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ መናገር አይችልም። ከዚያ በፊት የቀዳሁት ድምፁ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።»

ዝላትካ ትባላለች። በቡልጋሪያዋ ሩሴ ከተማ፣ ከካሊን ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከአባቷ ከጋሽ ሜቶዲ ጋር ልትኖር መግባቷ ነው። ካሊን በዚያች ሳቅ ልቡ ጠፋ።

እሱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን እያወዳደረ ለድረ ገጽ የሚጽፍ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን የተያዘው የዲስክ ሙሉ ግልባጭ በሚያወጡ፣ ኮምፒውተር ሲበላሽም ሁሉንም እንደነበረ በሚመልሱ ሦስት ፕሮግራሞች ነበር።

«አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጠሽ እንዴት ያስችልሻል? ዲስኩን ስጪኝ፣ በሦስቱም ልገልብጥልሽ» አላት። ደግነት ብቻ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እሷም አልጠፋትም።

«አደራ!» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ፕሮግራም ሲያዩት ያምራል፤ በሃያ ደቂቃ ጨረሰ። ሁለተኛው መልከ ጥፉ ነው፤ የጻፈውን መልሶ እያነበበ ሲያመሳክር ሁለት ሰዓት ፈጀ። ካሊን ማስታወሻው ላይ «አሮጊቷ» ብሎ አፌዘበት። ሦስተኛው ከዲስክ ወደ ዲስክ በቀጥታ ይገለብጣል። ካሊን የገዛው ባዶ ዲስክ ከእሷ ዲስክ ጋር በስምም በመጠንም አንድ ነበር። እሱ ደግሞ ልቡ አስር ሰዓት ላይ ባኒትሳ የሚባለውን በአይብ የተሞላ ጋገራ ይዛ ልትመጣ ቃል የገባችው ዝላትካ ጋ ነው። የቱ ወደ የቱ እንደሚገለበጥ ሳያጣራ ማስጀመሪያውን ተጫነው።

ግማሽ ሲደርስ ገባው። ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ እየተገለበጠ ነበር!

አቋረጠው፤ ግን የዝላትካ ዲስክ ባዶ ሆኗል። በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠውን የመጀመሪያውን ግልባጭ ሊመልስ ሞከረ። «ፋይሉ ተበላሽቷል» አለው። የቀረችው አሮጊቷ ብቻ ናት። እሷም እንቢ ብትልስ?

በሩ ተንኳኳ። ዝላትካ ትኩስ ባኒትሳ ይዛ ቆማለች።

«ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?»

«ምንም...»

«መምጣቴ ከበደህ እንዴ?»

ካሊን ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ዝላትካ ከንፈሯን ነክሳ ሳህኑን አስቀመጠችና ዞረች። «ገባኝ። ደህና ዋል።»

ትሂድ፣ አለው ፍርሃቱ። ትሂድ፤ ድምፁ ከተመለሰ ምንም ሳታውቅ ትቀራለች። እጇ በሩ ላይ ደረሰ።

«ዝላትካ! የአባትሽን ድምፅ... አጥፍቼዋለሁ።»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አደራ ብዬህ ነበር!»

«አንድ ግልባጭ ቀርቷል። እሱ ካልሠራ...»

«ዝም በል! ጀምረው።»

አሮጊቷ ግልባጩን በአዲሱ ዲስክ ላይ መመለስ ጀመረች። አስር በመቶ... አርባ... ሰባ ላይ ቀጥ አለች! ዝላትካ ሳታውቀው ክንዱን ጨመደደችው። ባኒትሳው ቀዘቀዘ፤ የነካው የለም።

ሰባ አንድ። ዘጠና። መቶ።

ዝላትካ የመጀመሪያውን የድምፅ ቅጂ ከፈተችው። ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «ዝላትዬ፣ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው? ማጥፊያው የቱ ጋ ነው?»

ዝላትካ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ካሊንም እንባውን መያዝ አቃተው።

«አሁንም ፈርቻለሁ» አላት።

«ምኑን?»

«እንዳትሄጂብኝ።»

እንባዋን ጠራርጋ አየችው። «ይመለስ አይመለስ ሳታውቅ ነው የነገርከኝ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ከተመለሰ በኋላ ብትነግረኝ ኖሮ እስቅ ነበር። እስቅና... ግን ስለማላምንህ ዳግመኛ ቤትህ አልመጣም ነበር።»

እጇን ዘርግታ እጁን ያዘች። በግንቦት ተጋቡ።