አምስተኛው ሸክላ

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 ነው፣ ኸሪፉ፣ የሱዳን ክረምት፣ ገብቶ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ጫማ መያዝ በጀመረበት ጊዜ። ጂን መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል፣ አልክድም፤ ሰዎች "አየሁ፣ ሰማሁ" የሚሉትን ግን አንድም ቀን አምኜ አላውቅም። ጎንደር ሳለሁ አስተማሪ ነበርሁ፣ ልጆቹ ከዕቃ ክፍሉ ድምፅ ሰማን ብለው ሲሮጡ እጃቸውን ይዤ አስገብቼ የሌሊት ወፏን አሳያቸው ነበር፣ እና እመኑኝ፣ እስከዚያ ምሽት ድረስ ለሰማሁት ድምፅ ሁሉ አንድ የሌሊት ወፍ አላጣሁለትም።

ልጄ ኑሪ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል። አባቱ ሲሞት የሸክላ ማጫወቻና አንድ ካርቶን ሸክላ ትቶለት ነበር፣ የሱዳንም የሐበሻም፣ እሱ ግን የአባቱን ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ፈረንጅ ጎረምሶች ዞረ፣ ትልቅ ኩባንያ ሳይለምኑ በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሙ፣ ጊታር የሚደበድቡ ልጆች ናቸው ብሎ አስረድቶኛል። አዲስ ሸክላ ሲገዛ ሥርዓት ነበረው። በመጀመሪያ ንጹሕ ውሃ በነካ ጨርቅ ዙሪያውን ይጠርገዋል፣ ከዚያ ሳይናገር አንዴ ይሰማዋል፣ ሁለተኛ ሲሰማው ደብተር ይዞ ምን እንደተሰማው ይጽፋል። ከራሱ አስተያየት ሥር ደግሞ የእኔን ይጽፋል።

እኔ ሙዚቃ ወዳጅ አይደለሁም። ልጄ አጠገቤ የሚቀመጠው ግን ያን ሰዓት ብቻ ስለነበር መቁጠሪያዬን፣ ሙስበሓዬን ይዤ እቀመጣለሁ።

"እሺ እማ፣ ይሄስ?"

"ልጁ ተቆጥቷል።"

"በማን?"

"በራሱ።"

"ወላሂ አንቺ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ነበረብሽ፣ እነሱ ይህን ለመናገር ሁለት ገጽ ይፈጃሉ" ይለኛል፣ እየሳቀም ይጽፈዋል።

በዚያ ኸሪፍ ከሾዋክ ከተማ አምስት ሸክላ ይዞ መጣ። አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቷቸው ሄዶ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ እጅ ነው ያገኛቸው፣ የተሸፈኑበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። ደስታውን አይቼ ደስ አለኝ።

"እማ፣ አምስት ምሽት አለን" አለኝ። "በየምሽቱ አንድ እንሰማለን።"

"ከዚያስ?"

ሸክላዎቹን መደርደር ያዘ። እኔም ገባኝ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሊቢያ የሚሄድ ቦክሲ፣ ከኋላው ክፍት የሆነው ያ ትንሹ መኪና፣ ከደጃችን ሊያነሣው ከሰምሳሩ፣ ከደላላው ጋር ተስማምቶ ጨርሷል። ስለዚያ በረሃ የማያውቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም። ከእኛ ሰፈር የሄዱ ሁለት ልጆች ነበሩ፣ እናቶቻቸው ስልካቸውን ከእጃቸው ሳይለዩ ይተኛሉ። ለመንሁት፣ አለቀስሁበት፣ የማውቃቸውን ሽማግሌዎች ላክሁበት። "ኻላስ፣ ያ ኡሚ፣ ነገሩ አልቋል" አለኝ።

የመጀመሪያውን ሸክላ ሰማን፣ ከበሮው ቸኩሏል አልሁ። ሁለተኛዋ ሴት ናት፣ ተኝታ የምትዘፍን ትመስላለች፣ ደግ ድምፅ አላት አልሁ። ሦስተኛውን ኑሪ ወደደው፣ ጊታሩ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው ብሎ ጻፈ፣ እኔ ግን ጆሮዬ አልሰማም፣ ሁለት ቀረ እያልሁ ነበር። በአራተኛው "እማ፣ ምን ልጻፍልሽ?" ሲለኝ፣ "እናቱ የት ናት ብለህ ጻፍ" አልሁት። አልሳቀም። ጻፈው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጎረቤቴ ሐጃ ነፊሳ በለስላሳ ጠርሙስ ውሃ ይዛ መጣች። ሚሓያ ይሉታል፣ ፈኪው፣ የሰፈሩ የቁርኣን ሼኽ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የቁርኣን ቃል በቀለም ይጽፍና ጽሑፉን በውሃ ያጥበዋል፣ እጣቢውን የታሰበለት ሰው ይጠጣዋል፣ የዚህ አገር ሰው ልማድ ነው።

"ኡም ኑሪ፣ ማታ በሚጠጣው ከርከዴ ውስጥ ጨምሪለት" አለችኝ። "ይህን የጠጣ ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"ሐጃ፣ እኔ ከአላህ በቀር ማንንም አልለምንም።"

"እኔስ ማንን ለምኚ አልሁሽ? ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የማን ቃል መሰለሽ? ደግሞ ነገ ሲሄድብሽ እኔ ጋ መጥተሽ እንዳታለቅሺ፣ ጆሮዬ ደክሟል።"

ሳቅሁ። ጠርሙሱን ግን አልመለስሁላትም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁት፣ ኑሪ ሸክላ የሚጠርግበት አፍልቶ ያጠለለው ውሃም እዚያው ነው የሚቀመጠው፣ እሱም በለስላሳ ጠርሙስ፣ ልብ አላልሁም።

መግሪብ ሰግደን ተነሣን። ደመናው ወርዶ ነበር፣ መብራት ስለሚጠፋ ኑሪ ማጫወቻውን በመኪና ባትሪ ያሠራዋል፣ አጠገቡ ፋኖስ አብርቷል። የከርከዴውን ማሰሮ ይዤ ጠርሙሱን ላነሣ ስገባ፣ ጠርሙሱ በእጁ ነው። ጨርቁ ላይ እያፈሰሰ ነበር።

"እማ፣ ይህ ውሃ ምን ሆኗል? ሙጫ ሙጫ ይሸታል።"

"እንጃ" አልሁ።

ዋሸሁ። ብነግረው በመጨረሻው ምሽት ተጣልቶኝ ይወጣል ብዬ ፈራሁ፣ ባልነግረው ደግሞ የአላህ ቃል የታጠበበት ውሃ የዘፈን ሸክላ ላይ እየፈሰሰ ነው፣ በሁለቱ መካከል ማሰሮውን እንደያዝሁ ቆምሁ። ኑሪ ሸክላውን ዙሪያውን ጠረገው፣ ጨርቁ ጠቆረ። የጠርሙሱን ክዳን አጥብቆ በሩ አጠገብ መሬት ላይ አኖረው። ከግማሽ በላይ ቀርቶ ነበር። እርግጠኛ ነኝ፣ ምክንያቱም ቀሪውን እንዴት እንደማጠጣው እያሰብሁ ከጠርሙሱ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም።

ዘፈኑ ጀመረ። ሁለት ጎረምሶች አብረው ነው የሚዘፍኑት፣ ቀስ ብለው፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ። ከአምስቱ እኔ የወደድሁት ይህን ነው፣ እውነቴን ነው። ሁለተኛው ዘፈን መካከል ላይ ጊታሩ ዝም የሚልበት ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ጉት የሚል፣ ሰው አንዴ ሲውጥ። ኑሪን አየሁት። የቀዳሁለት ከርከዴ እንደሞላ ነው።

በሦስተኛው ዘፈን ደግሞ መጣ። ጉት፣ ጉት። ከቀኑ ዝናብ ጀምሮ ሲጮኹ የነበሩት እንቁራሪቶች በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ኑሪ ድምፁን ቀነሰው።

"ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"ውሃ የሚጠጣ ሰው።"

"እንቁራሪት ይሆናል" አልሁት፣ ዝም ማለታቸውን ሰምቼም።

"አይ፣ ሸክላው ላይ ነው። አንዳንዶቹ ከዘፈናቸው መሐል፣ ከመጨረሻውም በኋላ ድምፅ ይደብቃሉ። ሰው ለማስደንገጥ ነው፣ ይወዱታል።"

ደስ ብሎት ደብተሩን ሊያመጣ ብድግ አለ። እኔም ይሁን ብዬ ተነፈስሁ። ሸክላውን ገለበጠው፣ በሌላው ገጽ ምንም አልነበረም፣ ዘፈን ብቻ፣ ሙስበሓዬን መቁጠር ጀመርሁ። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ፣ መርፌው መጨረሻው ላይ ኪሽ፣ ኪሽ እያለ መዞር ያዘ። ኑሪ አላነሣውም፣ የተደበቀውን እየጠበቀ ነበር።

መጣ። አሁን አንዴ ሁለቴ አይደለም፣ ከሩቅ መንገድ የመጣ፣ ብዙ ቀን የተጠማ ሰው ያለ ማቋረጥ ሲጠጣ የሚሰማው ነው። ጉሮሮው ሲከፈትና ሲዘጋ ይለያል።

"አላልሁሽም?" አለኝ ኑሪ እየሳቀ፣ እጁን ዘርግቶ መርፌውን አነሣው።

አልቆመም።

ሸክላው ቆሟል፣ መርፌው በኑሪ ጣት ላይ ነው፣ እኔ እያየሁት ነው። ድምፁ ከማጫወቻው አልነበረም። ከበሩ በኩል ነበር፣ ከመሬቱ። ጉት፣ ጉት፣ ጉት፣ ጉት። ከዚያ ጠጥቶ የረካ ሰው እንደሚያደርገው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ እና ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንቁራሪቶቹ ጀመሩ።

"እማ፣ አንቺ ነሽ?" አለኝ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ እያየኝ።

"አይደለሁም።"

ፋኖሱን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ጠርሙሱ እንዳኖረው ቆሟል። ክዳኑ እንደጠበቀ ነው፣ ለመክፈት በሁለት እጁ ታገለው። ዘቀዘቀው። ጠብ ያለ ነገር የለም። መሬቱን ዳበስሁት፣ ደረቅ ነበር።

ያኔ ነገርሁት። ስለ ሐጃ ነፊሳ፣ ስለ ፈኪው፣ ስለ ከርከዴው።

"አንቺ?" አለኝ። "ሰው የክታብ ሒጃብ ሲያሥር የምትቆጪው አንቺ?"

"እኔ።"

"ምን እንዲያደርገኝ ነበር?"

"የጠጣው ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።"

ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁጣው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት።

"እኔ እኮ አልጠጣሁትም" አለ፣ በቀስታ።

አልተኛንም። ከክፉ የሚጠብቀውን አየተል ኩርሲን ደጋገምሁ፣ ኑሪም አብሮኝ ቀራ፣ ድምፁን በቁርኣን ከሰማሁት ቆይቶ ነበር። ሻንጣውን ግን አዘጋጀ፣ ጫማውንም አደረገ። እኔም አልያዝሁትም። ከልክዬ የማስቀርበት አፍ አልነበረኝም።

ሱብሒ ሰግደን እንደጨረስን መኪናው መጣ፣ ሁለቴ ጥሩምባ ነፋ።

"ያ ኑሪ! ያላ!" ብሎ ጮኸ ሹፌሩ። "ወይስ እናትህ አዝላ ታምጣህ?"

ከኋላ የተጫኑት ልጆች ሳቁ። ኑሪ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ደረሰና ቆመ። ዞሮ አየ። እኔን አይደለም ያየው፣ በሩ አጠገብ ያለውን መሬት ነው። ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ።

"ሂዱ፣ አልመጣም!" አለ።

መኪናው ጭቃውን እየረጨ ሄደ፣ ሳቁም ከመኪናው ጋር ራቀ። እኔ መሬት ላይ ወድቄ ሱጁድ አደረግሁ፣ አለቀስሁ፣ አልሐምዱሊላህ አልሁ፣ ለዚያች ቅጽበት አሁንም በየሶላቴ አመሰግናለሁ። ቀና ስል ልጄ ሻንጣውን አስቀምጦ ጫማውን ይፈታል።

"ስለ ለመንሁህ ነው የቀረኸው?" አልሁት።

"አይደለም" አለኝ። "ከሱ ጋር ብቻሽን ትቼሽ አልሄድም።"

ለአምስተኛው ሸክላ በደብተሩ የተወው ገጽ ባዶ ነው፣ የእኔንም አልጠየቀኝም።

ፀሐይ ስትወጣ ኑሪ እንደ ሌላው ቀን ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ጠርሙሱን ይዤ ሐጃ ነፊሳ ዘንድ ሄድሁ፣ የሰው ዕቃ አላስቀምጥም።

"ጠጣው?" አለችኝ ገና ከበሩ።

"ተጠጥቷል።"

"ልጁስ?"

"ቀርቷል።"

"አልሐምዱሊላህ! ይኸው! አላምንም ስትይ አልነበር?" ብላ ሳመችኝ። ሻይ ጠጪ አለችኝ፣ አልፈለግሁም፣ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ባዶ ቤትም ቢሆን ስገባ ሰላምታ ሰጥቼ መግባት ከልጅነቴ ያደግሁበት ነው፣ አንድም ቀን ዘልዬው አላውቅም። ቁልፉን አዞርሁ፣ በሩን ገፋሁ፣ ቀኝ እግሬን አነሣሁ። "አሰላሙ ዐለይኩም" ልል አፌን ስከፍት፣ ሰላምታ የሰማ ሁሉ መመለስ ግዴታው መሆኑ ትዝ አለኝ።

እግሬን መለስሁ። በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት፣ ግቢው ውስጥ የሣር ዳሱ፣ ራኩባው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ፣ ኑሪ ለምሳ እስኪመጣ ድረስ።