የቲንከር እግር

«እንዴ! ቲንከር መጣ! ቅዳሜ አልነበር እንዴ የተባባልነው?»

ሄስተር ባለችበት ቆመች። ሴትየዋን አይታቸው አታውቅም። የያዙትን ባልዲ የእርሻ ቤታቸው ደጃፍ ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወደ ድንጋይ አጥሩ ቀረቡ። ውሻዋ ቲንከርም የሚያውቃቸው ዘመድ ይመስል ጭራውን እየቆላ በእንጨት በሩ ፍርግርግ አፍንጫውን አሾለከላቸው።

«ስሙን እንዴት አወቁት?» አለች ሄስተር።

«አባትሽ ፎቶውን ልኮልን የለ! ወይዘሮ ቢውሊ እባላለሁ። ባለቤቴማ ማደሪያውን አዘጋጅቶ እስኪመጣ ቸኩሏል።» ጎንበስ ብለው የውሻውን ጆሮ አሻሹለት። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እዚህ እንደ ልቡ ይሮጣል። ከተማ ፎቅ ላይ ከሚታጎር...» ቀና ብለው የሄስተርን ፊት ሲያዩ የጀመሩት ቃል አፋቸው ላይ ቀረ።

ወንድሟ ጆስ ሐይቁን ፎቶ ሲያነሳ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። አሁን ቁልቁለቱን እየዘለለ ወረደና ወይዘሮ ቢውሊን ሲያይ ቀጥ አለ። ፊቱ ሁሉንም ተናገረ።

ወላጆቻቸው ከተለያዩ በኋላ ቤቱ ተሸጦ ነበር። ከዚህ እረፍት ሲመለሱ ሊድስ ከተማ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ሊከራዩ ነው። ሄስተር ያኔ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቲንከርስ?» አባቷም ዓይኑን እንኳ ሳያሽ፣ «አከራዩን አናግሬዋለሁ፣ ፈቅዷል» አላት። እሷም አምናው አዲሱን ቤት ለማየት በሄዱ ጊዜ ለውሻው መኝታ መስኮቱ ስር ያለችውን ጥግ መረጠች። ሜትሩን በዚያኛው ጫፍ ይዞ ያስለካት ጆስ ነው።

ለእረፍቱ ወደተከራዩት ጎጆ የሚወስደው መንገድ የሐይቁን ዳር ይዞ ይሄዳል። ቲንከር ጠጠሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ከማዕበሉ ጋር ይጫወታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ሄስ፣ መጀመሪያ ስሚኝ...»

«ከመቼ?»

«ቤቱ ከተሸጠ ጀምሮ» አለ ጆስ፣ ጫማውን እያየ። «አከራዩ ውሻ አይፈልግም። አባዬ ያላንኳኳው በር የለም። መጨረሻ ላይ እነዚህን ሰዎች አገኘ።»

«ቅዳሜ ምንድን ነው የሚሆነው?»

«አንቺና አባዬ ኮረብታው ላይ ትወጣላችሁ። ቲንከር እግሩን አሞታል ይባልና እኔ ጋ ይቀራል። ከዛ...»

«ከዛ ስመለስ የለም።»

«ማታ ቁጭ አድርጎ ሊነግርሽ ነበር። ስትሰነባበቱ እንዳታለቅሺ ብለን ነው እኮ።»

«ብለን? አንተም?»

«አታካብጂው በናትሽ! እንዳወቅሽ አትንገሪው። ስንት ወር ከርሞ ገና አሁን መሳቁ ነው። ደግሞ ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ለሱ ቃል ገባህ» አለች ሄስተር። «ለኔ ሜትር ያዝክልኝ።»

ውሻውን ጠርታ ጆስን ጥላው ሄደች።

በማግስቱ ሦስቱም ከነውሻው ሃሊን የሚባለውን ኮረብታ ወጡ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አባቷ እንደ ድሮው እያፏጨ ከፊት ይመራል፤ አናቱ ላይ ሲደርሱ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳላቸው፤ አይብ ያለበትን ዳቦም አካፈላቸው። «እስኪ ቲንከርን አቅፈሽው! አንድ ደግሞ! ወደ ሐይቁ ዞር በይ!» እያለ ስልኩን ከእጁ አላወርድ አለ። ለምን እንደሚያነሳት ታውቃለች። ፈገግ አለችለት፤ ያ ፈገግታ ከንፈሯ ላይ የሰው ልብስ እንደለበሰች ያህል ከበዳት።

ጆስ ዓይኗን እየሸሸ ካልሲውን ደጋግሞ ይጎትታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ እየሳቀች ታሾፍበት ነበር።

ቲንከርን ይዛ ስለ መጥፋት አሰበች። አውቶቡሱ የሚቆምበትን ታውቃለች። ግን ወዴት? እናቷ ገና የሰው ቤት ተጠግታ ነው ያለችው። ቁልቁል ስታይ ውሻው በደረቀው ሣር ውስጥ ጠልቆ ይገባና ጆሮው ብቻ ብቅ ይላል፤ ተመልሶ ይጠልቃል፤ ደስታው ከሩቅ ያስታውቃል። የሊድሱ ቤት ያ ጥግ ትዝ አላት። መስኮቱ የሚያየው ሌላ ግድግዳ ነበር። የወይዘሮ ቢውሊ ቤት ለቲንከር ጥሩ ቤት ነው፤ ከሁሉ በላይ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ቢጠይቋት ኖሮ አልቅሳም ቢሆን እሺ ትል ነበር። ማንም አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ጠዋት ጎጇቸው የተጠበሰ ቋሊማ ሸቷል። አባቷ ቁርሱን አቅርቦ ሲያበቃ ቲንከር አጠገብ ተንበረከከ። የፊት እግሩን አንስቶ እያገላበጠ ግንባሩን ቋጠረ።

«አየሽ ሄስ፣ እዚህ ጋ አብጧል መሰለኝ። ዛሬ ባይደክም ይሻላል። ጆስ አብሮት ይቀር፤ እኔና አንቺ ብቻ እንውጣ።»

ጆስ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ቲንከር የተያዘ እግሩን ረስቶ የአባቷን ጉንጭ ላሰ።

ሄስተር አንድ ቃል ብትናገር እንደምታቆስለው ታውቃለች። ያን ቃል ሁለት ሌሊት ሙሉ ስትስለው አድራለች። አሁን ግን ተንበርክኮ፣ ፀጉሩ ሳስቶ፣ የደህና ውሻ እግር ይዞ ሲዋሽ ስታየው ቃሉ ጠፋባት። ተነስታ ጫማዋን አጠለቀችና የውሻውን ማሰሪያ ከግድግዳው አወረደች።

«እግሩ ደህና ነው፣ አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «ወይዘሮ ቢውሊ ጋ እኔ ነኝ የምወስደው። ነጎድጓድ እንደሚፈራ፣ ብቻውን ከሆነ እንደማይበላ ማን ይነግራቸዋል?»

አባቷ የውሻውን እግር ለቀቀ። «ሄስተር... እኔ እኮ...»

«አሁን አትንገረኝ። አሁን አልሰማህም።»

ወጣች። ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሐይቁ አመድ መስሏል። ቲንከር ከፊት ከፊቷ እየጎተታት፣ እሷ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ከጎጇቸው በላይ ያለው የእንጨት በር ጋ ደረሱ። በጎቹ እንዳይወጡ ያለፈ ሁሉ ይዘጋዋል። አልፋ ልትዘጋው ስትል፣ ከታች ጠጠሩ ላይ የሚሮጥ ኮቴ ሰማች፤ ክሩ ያልታሰረ የጆስ ጫማ። ከሱ ኋላ ደግሞ ከበድ ያለው የአባቷ።

በሩን ዘግታ መሄድ ትችል ነበር። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ እንባዋንም አልጠረገችም። ዓይኗን ሐይቁ ላይ አድርጋ፣ በሩን በአንድ እጇ ከፍታ ይዛ ቆመች።