የጠፋው ወጥ ዱላ

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በአንድ የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ፣ ከጣሪያ በወረደ ክር ጫፍ ላይ ምንም ነገር አለመኖሩ በሕግ ፊት ተረጋገጠ።

መርማሪው ክሩን ትክ ብሎ አየው። ክሩም መርማሪውም የያዙት ነገር አልነበረም። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው የሚነሳው ልማድ ሆኖበት ብቻ ነው።

"ምን ጠፋ አሉኝ አባት?"

"ዱላ" አሉ ሽማግሌው ጠራቢ።

"የምን ዱላ?"

"የፑል ነዋ። ወጥ ዱላ። ከአንድ እንጨት፣ ያለ ብሎን፣ ያለ መገጣጠሚያ። ሰባት ዓመት አድርቄ አምስት ወር የላግኩት። ጎህ ሲቀድ እዚሁ ነበረ፤ ዳስሼዋለሁ።"

መርማሪው "ዱላ፣ አንድ" ብሎ ጻፈ።

"ማንን ይጠረጥራሉ?"

"እኔ ሰው አላማም።" ሽማግሌው ከጭናቸው ላይ ፍቅፋቂ አራገፉ። "ግን ባለብሎኑ ትናንት መጥቶ ነበር።"

ባለብሎኑ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አለው። ከፋብሪካ የመጡ፣ ለሁለት የሚፈቱ የፑል ዱላዎች ይሸጣል። ስሙን ያወጡለት ሽማግሌው ናቸው፤ እናቱ ያወጣችለትን ያስታወሰ ሰው የለም።

"ሰርቀሃል?" አለው መርማሪው። በዚህ ዕድሜው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አይወድም።

"እኔ? ያንን የሚያህል ነገር የት አድርጌው ጋሼ? የእኔ ቢሆን ፈትቼ በቦርሳ እይዘው ነበር። የሳቸውን ይዞ ታክሲ ለመግባት ሁለት መስኮት መክፈት ያስፈልጋል።"

"ትናንት ምን ልትሠራ ሄድክ?"

"ልጠይቃቸው።"

"ታመዋል እንዴ?"

ባለብሎኑ ንጹሑን መስታወት መወልወል ጀመረ። "ሽማግሌ ይጠየቃል እንጂ ጋሼ።"

ዱላውን ያዘዘው የፑል ቤት ባለቤት ነው። እሁድ ውድድር አለው፤ ረቡዕ ሊረከብ ነበር።

"የራሴን ዕቃ ልስረቅ?" አለ።

"ከዚህ የባሰ አይቻለሁ።"

"እኔ ግን ከዚህ የባሰ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።"

"ከአምና ወዲህ የሠሩልህ ሌሎቹ ዱላዎች የታሉ?"

"ግድግዳ ላይ።"

"አይጫወቱባቸውም?"

"ለክብር ነው የሰቀልኳቸው።" ዓይኑን አሸሸ። "ለክብር" ሲል ደገመ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መርማሪው ከሽማግሌው ቤት በር ፊት ለፊት ወደሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ሄደ። ጫማ ሰፊው ከጎህ ጀምሮ እዚያው ነው፤ በሰፈሩ ማን ከማን እንደተኳረፈ ከተኳራፊዎቹ ቀድሞ ያውቃል።

"ከዚህ ቤት ረጅም ነገር ይዞ የወጣ አለ?"

"ቢኖርማ እስካሁን ሳላወራ እቀር ነበር?"

ይህ አጥጋቢ ማስረጃ ነው። ዱላው ከቤት አልወጣም ማለት ነው። መርማሪው ወደ ሽማግሌው ተመልሶ ምድጃቸውን በእንጨት ጫረ፤ የቀዘቀዘ የትናንት አመድ ብቻ ነው። አልነደደምም።

"አባት፣ ያለቀ ዱላ ግድግዳ ቢደገፍ ምን ይሆናል?"

"ይጎብጣል።"

"መሬት ቢጋደምስ?"

"እርጥበት ይጠጣል። ከጫፉ ታስሮ፣ ምንም ሳይነካው መንጠልጠል አለበት። እዚህ ቤት ይህን የማያውቅ የለም።"

እዚህ ቤት የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሚስትየዋ መኝታ ክፍል ልብስ እያጠፉ ነበር። መርማሪው አስፈቅዶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ካፖርቶቹና ቀሚሶቹ ግራና ቀኝ ተገፍተዋል። መሐል ላይ፣ ከጫፉ በነጭ ጨርቅ ታስሮ፣ ምንም ሳይነካው፣ ዱላው ተንጠልጥሏል።

"እናቴ፣" አለ መርማሪው ወንበር ስቦ እየተቀመጠ፣ "ሌባ የሰረቀውን እንዲህ አይንከባከብም። ሰብረው ቢያነዱት ኖሮ አላገኘውም ነበር።"

"አርባ ዓመት እሱ የላገውን ዘይት የምቀባው እኔ ነኝ። እጄ እንዴት እሺ ይለኛል?"

"ታዲያ ለምን ወሰዱት?"

ዱላውን አውርደው ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉት። ቀጥ ያለ ዱላ ሲንከባለል ድምፁ አንድ ወጥ ነው። ይህኛው ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ አለ።

"ዓይኑ ከአምና ጀምሮ እየፈዘዘ ነው" አሉ። "አንዱን ጨፍኖ በሌላው ያነጣጥራል፤ እኔም 'ቀጥ ብሏል' እለዋለሁ። የተሳሳተውን እሱ ሲተኛ በብርጭቆ ወረቀት አቃናለሁ። ይሄኛው ግን ከእኔ አቅም በላይ ሆነ። እሁድ ሰው ፊት ቢንከባለል የዕድሜ ልክ ስሙ አለቀ።"

"ፖሊስ እንደሚጠራስ አላሰቡም?"

"ይተወዋል ብዬ ነው። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ይተወዋል አልኩ። ሞኝነቴን እይልኝ።" የዱላውን ጫፍ በቀሚሳቸው ጠረጉ። "አልተገኘም በልልኝ ልጄ። የዓይኑን ነገር ማንም አያውቅበትም እኮ። መሰረቅ ሰው አያዋርድም።"

መርማሪው ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። የተገኘን ዕቃ አልተገኘም ማለት ራሱ ወንጀል ነው፤ ጡረታው ደግሞ ቀርቧል።

"ሌባው ጣሪያ ላይ ጥሎት ሸሸ እላለሁ። ፀሐይ አጎበጠው። ፀሐይን የሚከስ የለም።"

ሚስትየዋ አሰቡበት። "እሱም ጥሩ ነው" አሉ።

የሥራ ክፍሉ በቀትር ብርሃን ተሞልቷል። ባለብሎኑና የፑል ቤቱ ባለቤት ወሬ ሊሰሙ መጥተው መላጊያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመዋል። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀምጠዋል። ሚስትየዋ ከኋላ ተከትለው ገቡ።

መርማሪው ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከሽማግሌው ፊት ስንዝር እስኪቀረው ቀረበ። ስለ ፀሐዩ ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ።

"መርማሪው ነህ?" አሉ ሽማግሌው።

"ነኝ አባት።"

ሽማግሌው ቀና ብለው ፈገግ አሉ። "አይዞህ ልጄ። ባዶ እጅህን ብትመለስም አልቀየምህም።"

ሚስትየዋ ባለብሎኑን አዩ። ከዚያ የፑል ቤቱን ባለቤት አዩ። አንዳቸውም አልተገረሙም።