አባቷ ያላሉት ቃል

«ከንፈር፦ ውሃ ከገንዳ ሞልቶ የሚፈስበት ጠርዝ። ከቧንቧ ሠራተኛ የተሰማ።» የአማርኛ መምህርቷ ካርዱን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሃያ ስምንት ዓመት ሳስተምር ይህን ፍቺ ሰምቼ አላውቅም። ቧንቧ ሠራተኛው አባትሽ ናቸው አይደል?»

«አዎ» አለች፣ ክፍሉ በሙሉ ጭምቷ የሚላት ልጅ። ሳታስበው አመለጣት።

«አሥር ሰዓት ላይ ደውዬ ከራሳቸው አፍ እሰማዋለሁ።»

ትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት ሊያሳትም ነው። ጭምቷና ወሬ ስለምታበዛ «ሬዲዮ» የሚሏት ጓደኛዋ «ምንጭ» እና «ከንፈር» የሚሉት ቃላት ደርሰዋቸዋል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ከሰው አፍ ያልተሰማ አይጻፍም፣ የተናገረውም ሰው ከካርዱ ግርጌ ይጠቀሳል። አንድ የፈጠራ ካርድ ከተገኘ የሁለቱም ልጆች ካርዶች በጠቅላላ ይወድቃሉ።

ጭምቷ ሁለት ሳምንት ጆሮዋን አቁማ ከርማለች። ጎረቤታቸው «የወሬው ምንጭ ማን እንደሆነ አላጣሁትም» ሲሉ ሰምታ ጽፋለች። እናቷ ከፋብሪካ የተቀነሱ ዕለት «ከንፈር እየመጠጠ የሚያየኝ ሰው አልፈልግም» ያሉትንም ጽፋለች። ያን ካርድ ስትጽፍ አልቅሳ ነበር። ታትሞ ለእናቷ እስክታሳያቸው ቸኩላለች። ሬዲዮ ግን ድርሻዋን ስታወራ ረስታው፣ ዛሬ ጠዋት በር ላይ ቆማ የገንዳውን ካርድ ከራሷ ፈጥራ ሞነጫጨረች።

በእረፍት ሰዓት ጥግ ይዘው ተፋጠጡ።

«አባዬ እንደዚያ ብሎ አያውቅም።»

«አታካብጂ ባክሽ፣ አንዲት ቃል ናት» አለች ሬዲዮ። ድምጿ ግን ቀጥኗል። «ቀድመሽ ንገሪያቸውና አዎ ይበሉ። በናትሽ አታጋልጪኝ።»

ከትምህርት እንደተለቀቁ ጭምቷ ታክሲ መጠበቅ አቃታት፤ ግማሹን መንገድ በሩጫ፣ ግማሹን በእርምጃ ጨረሰችው። አባቷን በከተማው መናፈሻ፣ በሚጠግኑት የደረቀ ፏፏቴ ገንዳ ውስጥ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በግራሶ ተለውሶ አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ ይሄ ውሃው የሚፈስበት ዳር ምን ይባላል?»

«ጠርዝ ነዋ። ሌላ ምን ሊባል ኖሯል?»

«ከንፈር ብለኸው አታውቅም?»

አባቷ ሳቁ። «ከንፈር ቢኖረውማ የት ጋ እንደሚያፈስ ራሱ ይነግረኝ ነበር። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ስፈልግ ዋልኩ።»

ጭምቷ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። አባቷ የቧንቧ መፍቻቸውን ጠርዙ ላይ አስቀመጡ።

«የእናትሽም ካርድ አብሮ ሊወድቅ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እላለሁ። ከንፈር ካልሽ ከንፈር ነው።»

እየሮጠች የመጣችው ይህን ለመስማት ነበር። ሲሉት ግን ደስ አላላትም። እኚህ ሰው የሚያፈስበትን ቦታ ሳያገኙ «ጨርሻለሁ» ብለው ከሥራ ወጥተው አያውቁም፤ ደንበኛ ቢጮህባቸውም አያደርጉትም። ለእሷ ሲሉ ግን ሊዋሹ ነው። አፈረች።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ በአባቷ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ግራሶ የነካ እጃቸውን አዩና ቀና ብለው እሷን ጠበቁ።

ጭምቷ ቦርሳዋን አውርዳ ወደ ደረቁ ገንዳ ገባች።

«ተወው አባዬ» አለች እጇን ወደ ኪሳቸው እየሰደደች። «እኔ አንስቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»